ሰው ጋራዡ ውስጥ የሠራውን አውሮፕላን ሳትሸወዱ ለመግዛት

አሜሪካ ውስጥ የአብራሪነት ፈቃድ አውጥታችሁ የራሳችሁን አውሮፕላን ማሰብ ከጀመራችሁ፣ በፋብሪካ የሚሠራው የትንሹ አውሮፕላን የሴስና ዋጋ ራሱ ወደ ሌላ ገበያ ይገፋችኋል። እዚያ ገበያ ላይ ግለሰቦች ከኪት (ለመገጣጠም ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ ክፍልፋይ) ገጣጥመው ለዓመታት ያበረሯቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች አሉ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪው ኤፍ ኤ ኤ "ኤክስፐሪሜንታል" ብሎ ይመዘግባቸዋል።

ገዢዎች የሚሳሳቱት አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ከሻጩ ጋር ይበራሉ። ይወዱታል። ቀብድ ይከፍላሉ። ሎግቡኩን (የበረራና የጥገና መዝገቡን) በደንብ የሚያነቡት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። እዚህ ግን ወረቀት ይቀድማል፣ ቁልፍና ካቻቢቴ ይከተላል፣ ከዚያ በረራ፣ ገንዘብ መጨረሻ።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2011 በእነዚህ አውሮፕላኖች ላይ የደረሱ 224 አደጋዎችን አጥንቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አውሮፕላኖች ባለቤቱ ራሱ ያልሠራቸው፣ ከሰው የተገዙ ነበሩ። 14ቱ አደጋዎች የደረሱት ደግሞ አዲሱ ባለቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበር ነው። ስለዚህ አንድም ደረጃ አትዝለሉ።

ምሳሌዬ ቫንስ ከተባለው ኩባንያ ኪት የሚሠራው አርቪ-6 ነው። የአሉሚኒየም ላሜራ ነው፣ ሁለት ሰው ይይዛል፣ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ላይካሚንግ ኦ-320 ወይም ኦ-360 ነው።

ደረጃ 1፦ ማስታወቂያ ከማየታችሁ በፊት

*መመዝገብ ትችላላችሁ?* በግለሰብ ስም ለመመዝገብ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሆን ያስፈልጋል። በሥራ ቪዛ ላይ ያላችሁ ወይም የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ፣ በስማችሁ ማስመዝገብ አትችሉም። አብራሪ መሆንና ባለቤት ሆኖ መመዝገብ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። "በጓደኛዬ ስም አደርገዋለሁ" አትበሉ፤ መጀመሪያ የአቪዬሽን ጠበቃ አማክሩ።

*ዓመታዊ ምርመራውን ማን ይፈርምላችኋል?* ብዙ ገዢ ሳያውቅ የሚገባበት ጉድጓድ ይሄ ነው። አውሮፕላኑን የሠራው ሰው በየ12 ወሩ ራሱ መርምሮ የሚፈርምበት የጥገና ፈቃድ ሊኖረው ይችላል። ያ ፈቃድ የሰውየው ነው፤ ከአውሮፕላኑ ጋር አይሸጥም። እናንተ ዘይት መቀየር፣ ጎማ መቀየር፣ መጠገን ትችላላችሁ። ዓመታዊው ምርመራ ላይ ግን ኤ ኤንድ ፒ (የአውሮፕላን አካልና ሞተር) ፈቃድ ያለው መካኒክ ወይም በሕጉ የተፈቀደለት ሌላ ሰው መፈረም አለበት። በግለሰብ የተሠራ አውሮፕላን አልነካም የሚሉ መካኒኮች አሉ። ስለዚህ በአቅራቢያችሁ እሺ የሚል ሰው አሁኑኑ ፈልጉ። ካጣችሁ ፍለጋውን እዚህ ላይ አቁሙት።

*ኢንሹራንስ።* የምታስቡትን ሞዴልና የበረራ ሰዓታችሁን ይዛችሁ ደውሉ። በዚያ ሞዴል ከአሠልጣኝ ጋር ስንት ሰዓት እንድትበሩ እንደሚጠይቁ አስቀድማችሁ እወቁ።

*ክብደት።* አርቪ-6 የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት 1,600 ፓውንድ ነው። ባዶ ክብደቱ እንደ ሠሪው ይለያያል፤ 1,050 ነው እንበል። 38 ጋሎን ነዳጅ 228 ፓውንድ ይመዝናል። ለሁለት ሰውና ለሻንጣ የሚቀረው 322 ፓውንድ ነው። እያንዳንዳቸው 180 ፓውንድ የሆኑ ሁለት ሰዎች ሙሉ ነዳጅ ይዘው መነሳት አይችሉም ማለት ነው። ይህን ሒሳብ በራሳችሁና በባለቤታችሁ ኪሎ ሥሩት።

ሁለት ነገር ደግሞ ከወዲሁ ከሐሳባችሁ አውጡ። በእነዚህ አውሮፕላኖች ሰው ወይም ዕቃ በክፍያ ማጓጓዝ አይፈቀድም። አገር ቤት ወስዶ ማብረር ለሚያስብም ወረቀቱ አይበቃውም፤ የኤክስፐሪሜንታል ፈቃድ ከአሜሪካ ውጭ በቀጥታ ተቀባይነት የለውም፣ እያንዳንዱ አገር የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን ከቤት ሳትወጡ መርምሩ

ሻጩን እነዚህን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፦

- የበረራ ብቁነት ሰርተፊኬት እና አብሮት የሚሄደው የአጠቃቀም ገደብ ሰነድ
- የምዝገባ ወረቀት
- የክብደትና ሚዛን ሰነድ
- የአካሉ፣ የሞተሩና የፕሮፔለሩ ሎግቡኮች፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው
- የግንባታ ማስታወሻና ፎቶዎች

ጎን ለጎን ኦክላሆማ ሲቲ ካለው የኤፍ ኤ ኤ መዝገብ ቤት የአውሮፕላኑን ሙሉ ፋይል እዘዙ። ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት ደግሞ በባለሙያ አስፈልጉ። ባንክ ወይም ያልተከፈለው ጋራዥ የያዘው አውሮፕላን ከገዛችሁ ዕዳው ተከትሏችሁ ይመጣል። የምዝገባ ቁጥሩን በአደጋ መዝገብ ውስጥም ፈልጉት።

ሎግቡኩን ስታነቡ መጀመሪያ የሙከራ በረራው መጠናቀቁን የሚገልጸውን ጽሑፍ ፈልጉ። አዲስ የተሠራ አውሮፕላን ተሳፋሪ ሳይጭን በተወሰነ ክልል ውስጥ የሙከራ ሰዓቱን መጨረስ አለበት። ሞተሩና ፕሮፔለሩ ተጣምረው የተፈቀዱ ከሆኑ በተለምዶ 25 ሰዓት፣ ካልሆኑ 40 ሰዓት ነው። ሰዓቱ ማለቁና አውሮፕላኑ በቁጥጥር ሥር እንደሚበር ተጽፎና ተፈርሞ መገኘት አለበት። ይሄ ጽሑፍ ከሌለ ሙከራው በወረቀት ላይ አላለቀም። ሻጩ ያስተካክለው፤ እናንተ ገዝታችሁ አታስተካክሉት።

ቀጥሎ ዓመታዊ ምርመራዎቹን በተርታ ቁጠሩ። የሁለትና የሦስት ዓመት ክፍተት ካለ አውሮፕላኑ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ለምን ቆመ? የት ቆመ? ከባሕር ዳርቻ አጠገብ ደጅ ላይ የቆመና ደረቅ አገር ሃንጋር ውስጥ የቆመ አንድ አይደሉም። የአሥር ዓመት ጽሑፍ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት እጅ፣ ያለ አንድ እንከን ከተጻፈ ጠርጥሩ። እውነተኛ ሎግቡክ የተቀየረ ካንዴላ፣ የተጠገነ ፍሬን፣ የተገኘ ስንጥቅ አይጠፋበትም።

ሞተር ወይም ፕሮፔለር ተቀይሮ ከሆነ ከለውጡ በኋላ እንደገና ሙከራ መደረጉ ተጽፎ እንደሆነ ተመልከቱ።

*ሰነድ ከጎደለ፦* የአጠቃቀም ገደቡ ከጠፋ ከኤፍ ኤ ኤ ምትክ ማግኘት ይቻላል፤ እስኪመጣ ጠብቁ። ሎግቡኩ "ጠፋ" ከተባለ የሞተሩን ሰዓት እንደማይታወቅ ቆጥራችሁ ዋጋ ስጡ። እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

ደረጃ 3፦ የሠራውን ሰው አነጋግሩ

ሁለት የአንድ ዓመት ምርት ሴስና 172ዎች በአመዛኙ አንድ ናቸው። ሁለት አርቪ-6 ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። የአንዱ ሽቦ የተቀናጀ፣ የሌላው የተዘበራረቀ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ሠሪው ካልሆነ ሠሪውን በስልክ ፈልጉት። የሚከተሉትን ጠይቁት፦

ከፕላኑ የተለየ ምን ሠራህ? ለምን? ክንፉ ሳይዘጋ በፊት ሌላ ሰው አይቶልህ ነበር? በሙከራው ወቅት ያስቸገረህ ምን ነበር? ፕሮፔለሩ መሬት ነክቶ ያውቃል?

ጥሩ ሠሪ ስለ ሥራው ማውራት አይታክተውም፤ ጥፋቱንም ይነግራችኋል። "ሁሉም በፕላኑ ነው" ብሎ የሚዘጋ ሰው ሲያጋጥማችሁ ደረጃ 5ን ሁለት ጊዜ ሥሩ።

ደረጃ 4፦ መርማሪና ውል

የሻጩን አውሮፕላን በየዓመቱ ሲፈርም የኖረውን መካኒክ አትቅጠሩ። የራሱን ፊርማ እንዲያጣጥል መጠየቅ ይሆንባችኋል። ያንን ሞዴል ጠንቅቆ የሚያውቅ መካኒክ ከሌላ ከተማም ቢሆን አስመጡ። ኢ ኤ ኤ የተባለው የግል አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ቅርንጫፎች በግንባታ የካበተ ልምድ ያላቸው ቴክኒካል አማካሪዎች አሏቸው፤ መካኒክ ለማግኘትም እዚያ ጠይቁ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ስለዚህ በአንድ ገጽ ጻፉት፦ ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ በምን ሁኔታ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ፣ የተገኘን ጉድለት ማን እንደሚያሠራ፣ በምርመራ ላይ አንድ ነገር ቢሰበር ማን እንደሚከፍል።

*ጥንቃቄ፦* መካኒኩን "የቅድመ ግዢ ምርመራ" ጠይቁት እንጂ ገና ከመጀመሪያው "ዓመታዊ ምርመራ" አትበሉት። ዓመታዊው ተጀምሮ ጉድለት ከተገኘ ሎግቡክ ላይ ይሰፍራል፣ ያልሸጠው ሰውዬ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይቀርበታል፣ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል። መጀመሪያ ቅድመ ግዢው ይሠራ። ውጤቱ ጥሩ ከሆነና ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ያኔ ወደ ዓመታዊ ምርመራ ይቀየር።

ደረጃ 5፦ ሃንጋር ውስጥ

ጠንካራ ባትሪ፣ መስታወት፣ ማጉያ መነጽር፣ ማግኔትና ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ካሜራ ያዙ። ኮፋኖው ይውረድ። የወለሉ ላሜራ፣ የክንፍ ሥር መሸፈኛ፣ የጭራው መሸፈኛ፣ የፍተሻ ክዳኖች በሙሉ ይከፈቱ። ሻጩ "እሱን መክፈት አያስፈልግም" ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

*ሪቬት (ላሜራውን የሚያያይዘው ሚስማር)።* በባትሪ ከጎን አብሩበት። ከሪቬቱ ራስ ኋላ ጥቁር ጭረት ካያችሁ ሪቬቱ ላልቶ እየተንቀሳቀሰ ነው። አንድ ሁለት ከሆነ ይቀየራል። በተርታ ከሆነ ውስጥ ያለው አካል ጭነት በዝቶበታል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ አትቀጥሉ። በውስጥ በኩል የተቀጠቀጠው ጫፍ ስፋቱ የሪቬቱን ውፍረት አንድ ተኩል ያህል፣ ከፍታው ግማሹን ያህል መሆን አለበት። የተንጋደደና የተሰነጠቀ ከበዛ ሠሪው ገና እየተማረ ነበር።

*ብሎንና ዳዶ።* ደረጃውን የጠበቀ የአውሮፕላን ብረት ብሎን ራሱ ላይ የመስቀል ወይም የኮከብ ምልክት አለው። ከሰፈር የብረታ ብረት መደብር የተገዛ ብሎን መሪው ወይም ክንፉ ላይ ካገኛችሁ ያን አንዱን በማስቀየር አትለፉ፤ ያላያችሁት ቦታም እንደዚያ ሊሆን ይችላል። የመሪ ዘንጎቹ ማጥበቂያ ዳዶዎች ጠብቀው እንደሆነ በእጃችሁ ሞክሩ። የሚሽከረከር መገጣጠሚያ ላይ ያለ ዳዶ ማገጃ ፒን ሊኖረው ይገባል።

*የአርቪ-6 የታወቁ ቦታዎች።* ቫንስ በዚህ ሞዴል ላይ የጭራው አግድም ክንፍ የፊት ተሸካሚ፣ ከአካሉ ጋር በሚያያዝበት አካባቢ፣ ስንጥቅ እንዲፈለግ ማሳሰቢያ አውጥቷል። የዋናው ክንፍ የኋላ ተሸካሚም በኤይለሮን (በክንፉ ኋላ ጠርዝ ላይ ባለው ተንቀሳቃሽ መሪ) ማጠፊያው አጠገብ እንዲታይ እንዲሁ። ማሳሰቢያዎቹን አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሎግቡኩ ላይ መፈጸማቸውን አረጋግጡ፣ ከዚያም በዓይናችሁ እዩ። የኋላ ተሸካሚው ከአካሉ ጋር በሚታሰርበት ብሎን ላይ ቀዳዳው ወደ ጠርዙ በጣም ቀርቦ እንደሆነ በልዩ ትኩረት ይለካ፤ ይሄ በቀላሉ የሚታረም ጉድለት አይደለም።

የሞተሩን መሸከሚያ ብየዳ የማረፊያ እግሮቹ በሚገቡበት በኩል በማጉያ ተመልከቱ። በሞተሩና በአብራሪው መካከል ያለው የእሳት ግድግዳ ወይም ወለሉ ከተጨማደደ አውሮፕላኑ በኃይል አርፎ ያውቃል። ሎግቡኩ ስለዚህ ዝም ካለ ሻጩን ፊት ለፊት ጠይቁት።

*ነዳጅ።* ታንኩ ክንፉ ውስጥ ነው። የአውሮፕላን ቤንዚን 100 ኤል ኤል ሰማያዊ ስለሆነ በታንኩ ሪቬቶች ዙሪያ ሰማያዊ እድፍ ካያችሁ ያፈሳል። የጎማ ቱቦዎቹ ላይ ያለውን ቀን አንብቡ። ቀን የሌለውን ያረጀ ነው ብላችሁ ያዙት።

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ቀበቶውን እሰሩ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑና የነዳጅ መቀየሪያውን (ከየትኛው ታንክ እንደሚቀዳ የሚመርጠውን) በእጃችሁ ፈልጉ። ዘፋኙ ጆን ዴንቨር በጥቅምት 1997 ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ባሕር ላይ የሞተው ሌላ ሰው የሠራውን ሎንግ-ኢዜድ አውሮፕላን በቅርቡ ገዝቶ ነው። በፕላኑ መሠረት መቀየሪያው በአብራሪው እግሮች መካከል መሆን ነበረበት። ሠሪው ግን ከአብራሪው ግራ ትከሻ ኋላ አደረገው። ምልክትም አልነበረበትም። መርማሪዎች ዴንቨር ሊቀይረው ሲዞር አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳቃተው ደምድመዋል፤ በዚያ አውሮፕላን በቂ ልምምድ አለማድረጉንም ጠቅሰዋል። እጃችሁ መቀየሪያው ላይ ሳትንጠራሩ ካልደረሰ፣ የትኛው ታንክ ላይ እንዳለም በግልጽ ካልተጻፈ፣ ሳይስተካከል አይበረርም።

*ሽቦ።* ከእሳት ግድግዳው በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ መከላከያ ከሌለው ይቦጨቃል። ምን እንደሆነ የማይታወቅ ሽቦ ሲበዛ እንደገና የማዘርጋት ወጪ ዋጋው ላይ ይታሰብ።

ሌላ ዓይነት አውሮፕላን ከሆነ፦ ፋይበሩን በሳንቲም እያንኳኳችሁ ሂዱ፤ ጥርት ያለው ድምፅ በድንገት ደብዛዛ ከሆነ ውስጡ ተላቋል። እንጨቱን ውሃ በሚያቁርባቸው ዝቅተኛ ቦታዎች ላይ እዩ። ለጨርቅ ለባሹ ጨርቁን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ቱቦ ዝገት ፍሩ።

ደረጃ 6፦ ሞተሩ

ላይካሚንግ ለአብዛኞቹ ኦ-320ና ኦ-360 ሞተሮች 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት ሲሞላ ኦቨርሆል (ሙሉ እድሳት) እንዲደረግ ይመክራል። ሻጮች ሰዓቱን ይነግሯችኋል፣ ዓመቱን ይዘሉታል። "ከኦቨርሆል በኋላ 300 ሰዓት" ጥሩ ይመስላል። በ20 ዓመት ውስጥ ከሆነ ግን በዓመት 15 ሰዓት ነው፤ ቆሞ የዛገ ሞተር ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሞተሮች ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከላይ ስለሆነ ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርድበትና ራቁቱን ይቀራል። ኦቨርሆል በዛሬ ዋጋ 30 ሺህ ዶላርን በቀላሉ ስለሚያልፍ እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ሞተሩ ሞቆ እያለ የኮምፕረሽን ሙከራ ይደረግ። በ80 ፒ ኤስ አይ የአየር ግፊት ተገፍቶ 70ዎቹ ውስጥ ከያዘ ደህና ነው። ወደ 60 ከወረደ ምክንያቱ ይፈለግ።
2. የዘይት ፊልትሮው ተቆርጦ ይከፈት። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ በማግኔት ሞክሩት። ማግኔቱ ላይ ከተጣበቀ ብረት ነው፤ ካምሻፍትን አስቡ።
3. በካንዴላ ቀዳዳ ካሜራ አስገብታችሁ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹን ፎቶ አንሱ። ጠርዙ ላይ በአንድ ወገን ብቻ ቀለሙ የተለየ ቫልቭ መቃጠል ጀምሮ ሊሆን ይችላል።
4. የጭስ ማውጫ ቱቦዎቹን ለስንጥቅ እዩ። በካቢን ማሞቂያው በኩል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊገባ ይችላል።

*ኮምፕረሽኑ ከወረደ፦* አትደንግጡ፣ ወዲያውም አትተዉት። አየሩ የሚያፏጭበትን ስሙ። በጭስ ማውጫ በኩል ከሆነ የጭስ ቫልቭ ነው፤ በዘይት መሙያው በኩል ከሆነ ቀለበቶቹ ናቸው። ቆሞ የከረመ ሞተር ከሆነ ሻጩ አንድ ሰዓት አብርሮት እንደገና ይለካ። አሁንም ያው ከሆነ የሲሊንደር ዋጋ ይቀነስ።

*ፕሮፔለሩ መሬት ነክቶ ከነበረ፦* ሞተሩ ተፈቶ መታየቱን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። "ክራንክሻፍቱን በመለኪያ አይተነዋል፣ ቀጥ ያለ ነው" በቂ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ሚዛን

የድሮውን ወረቀት አትመኑ። ከዚያ ወዲህ ቀለም ተቀብቷል፣ ሬዲዮ ተጨምሯል፣ ባትሪ ቦታ ቀይሯል። በሦስት ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ እንደገና አስመዝኑ። ከዚያ ሁለት ሰውና ሻንጣ አስገብታችሁ፣ ነዳጁ ሲያልቅ የክብደት ማዕከሉ ወደ ኋላ ገደቡን እንዳያልፍ አስሉ። በአርቪ-6 ነዳጅ ሲቃጠል ማዕከሉ ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ሲነሳ የተስተካከለው ሲያርፍ ላይሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ የሙከራ በረራ

አሁን ብረሩ። ኃላፊው አብራሪ ሻጩ ወይም ሞዴሉን የሚያውቅ ሰው ይሁን። መሪውን ለቀቅ ሲያደርግ ወደ አንድ ወገን ይዞራል? ሞተሩ ከሁለቱም ታንኮች በየተራ ይሠራል? በረጅም አወጣጥ ላይ ሲሊንደሮቹ ይግላሉ? በበቂ ከፍታ ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ አውሮፕላኑ ሳያስጠነቅቅ በአንድ ክንፉ በኩል ይጋደላል? ቁጥሮቹን ጻፉ። ሻጩ "ዛሬ ነፋስ ነው፣ እመነኝ" ካለ ነፋሱ ሲቆም ተመለሱ።

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የምትኖሩ ትራንስፖንደሩን (ለራዳር መለያ ኮድ የሚልከውን መሣሪያ) እና ሬዲዮኑን ለብቻ ፈትሹ። እዚያ ባለው ልዩ የበረራ ክልል ውስጥ ያለ በረራ ፕላን፣ ያለ ኮድና ያለ ሬዲዮ መንቀሳቀስ አይቻልም።

ደረጃ 9፦ ክፍያና ስም ማዛወር

የመካኒኩን ዝርዝር ይዛችሁ ዋጋ ተነጋገሩ። ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን ይያዝ። የሽያጭ ወረቀቱ ቅጽ 8050-2 ነው፣ የምዝገባ ማመልከቻው 8050-1። የሻጩ ስምና ፊርማ መዝገቡ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ሁለት ባለቤት ካለው ሁለቱም ይፈርሙ፤ የአንዱ ብቻ ከሆነ ፋይሉ ይመለሳል። ማመልከቻውን ከላካችሁ በኋላ ቅጂውን አውሮፕላኑ ውስጥ አስቀምጡ፤ አሜሪካ ውስጥ በጊዜያዊነት ያበርራችኋል። ኢንሹራንሱ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ሥራ ላይ ይዋል።

ደረጃ 10፦ ወደ ቤት ማምጣት

በገዛችሁበት ቀን ብቻችሁን አውሮፕላኑን ይዛችሁ አገር አቋርጣችሁ አትሂዱ። በሞዴሉ ልምድ ያለው አብራሪ ያምጣው፣ ወይም መጀመሪያ እዚያው ከአሠልጣኝ ጋር ሥልጠናውን ጨርሱ። አርቪ-6 ከሴስና ይልቅ መሪው ቀላል ነው፣ ቁልቁል ሲወርድም ቶሎ ይፈጥናል። የጭራ ጎማ ያለው ከሆነ ለዚያ የተለየ ማረጋገጫ ያስፈልጋችኋል።

የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ያለ ተሳፋሪ፣ በቀን፣ ከአየር ማረፊያችሁ ሳትርቁ ብረሩ። ከመጀመሪያው በረራ በኋላ ኮፋኖውን አውርዱ፤ የላላ፣ ያፈሰሰ፣ የተፋተገ ነገር ፈልጉ። ከአሥር ሰዓት በኋላ እንደገና አውርዱ፣ ዘይቱን ቀይሩ፣ ፊልትሮውንም እንደ መጀመሪያው ቀን ቆርጣችሁ ክፈቱት።